ካሜራው ሲሞን ጋ ተገኘ

ፍርስራሽ የሚጭኑ ሠራተኞች ጠዋት ሥራ ሊጀምሩ ቆርቆሮ ሲያነሱ ከሥሩ ሰው አገኙ። ሞቷል ብለው አማተቡ። ኋላ አንደኛው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋ ትንፋሽ አለ። ቃሬዛ ከየት ይምጣ፤ በዚያው በቆርቆሮው ተሸክመው አስፋልት ድረስ አወጡትና ባገኙት ታክሲ ወደ ሆስፒታል ላኩት። ኢንስፔክተር አልጋነሽ ስትደርስ የጠበቃት ትንሽ ደም የነካው አፈርና ከየት መጣ የማይባል ወሬ ፈላጊ ብቻ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቦታው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ እሪ በከንቱ የሚባለው ሰፈር ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አንድ ነገር ሳያውቅ አልቀረም። አልጋነሽ ያደገችው እዚያው አጠገብ ሲሆን፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን የአባቷ ቤት የት ጋ እንደነበረ እንኳ በእርግጠኝነት መጠቆም አቅቷታል። በር የለ፣ አጥር የለ፣ «ከእንትና ሱቅ አለፍ ብሎ» የሚባል ሱቅ የለ። በመስኮት አይቶ የሚመሰክር ጎረቤትም የለ።

«መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነበር» አላት ሳጅን ተስፋሁን። «ዕዝራ ፈቀደ ይባላል። ካሜራማን ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ዜና የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ከእነሱ ጋር። ካሜራው የለም።»

ተስፋሁን የእሷ ሰው አይደለም። አለቃዋ ኮማንደር ኃይለማርያም ጠዋት ደውሎ ሲያዛት «ሰፈሩን የሚያውቅ ልጅ ሰጥቼሻለሁ» ብሎ ከአካባቢው ጣቢያ ያዋሳት ነው። ገና ጎረምሳነቱ ያልለቀቀው፣ ትሁት ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳ ሕፃኑ እንቅልፍ እንደነሳው ሳትጠይቀው ነገራት። አልጋነሽ ገና ስታየው ወደደችው።

«ራሱ ለተፈነከተ ሰው ደሙ አነሰብኝ» አለች አፈሩን በብዕሯ ጫፍ እየነካች። «ሌላ ቦታ ተመትቶ እዚህ ያመጡት ይመስላል።»

«እዚህ ውሻ አይጠፋም ኢንስፔክተር። ልሶት ይሆናል።»

መልሱ ዘግናኝ ነበር፤ ግን መልስ ነው። አለፈችው።

*

ሜላት የዕዝራ የሥራ ባልደረባ ናት። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይቀርጻል። ፒያሳ ከተረፉት ካፌዎች በአንዱ ባንኮኒው ጥግ ቆማ አገኟት። ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ስለገባ ስኒውን በግራዋ ይዛለች።

«ትናንት ከሰዓት ነው» አለች። «አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቄን አልለቅም ብለው ፖሊስ ሊይዛቸው መጣ ሲባል ሰምተን ሄድን። እየጎተቱ ሲያወጧቸው ዕዝራ ይቀርጻል። አንዱ ‹አጥፋ!› አለው። ዕዝራ ‹ጋዜጠኛ ነኝ፣ መታወቂያ አለኝ› ብሎ እጁን ኪሱ ሲከት በዱላ ትከሻውን አለው። ደገመው። እኔ መሃል ስገባ ደግሞ…» ጀሶውን ቀና አደረገች።

«ብታያቸው ታውቂያቸዋለሽ?»

«ፊታቸውን ሸፍነዋል። የሚታየው ዓይን ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?»

ሜላት ስኒውን አስቀመጠች። «ሮጥኩ። ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ቸርችል ድረስ ሮጥኩ። ዞር ብል የለም።» ስለ እጇ ስትናገር ያላለቀሰችው ልጅ አሁን አለቀሰች፤ ፊቷ ላይ ሐፍረት ነበር።

ተስፋሁን ቀስ ብሎ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ «የጣቢያው ሪፖርት ሁለቱም ተበትነው ሄዱ ነው የሚለው» አለ። «ማንንም አልያዝንም። ካሜራውን ይዞ ነው የሄደው።»

«ታዲያ የት ሄደ?» አለች ሜላት።

አልጋነሽ ሂሳብ ልትከፍል ወደ ካሸሯ ስትዞር ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወጥታ ሄደች።

*

ነጋዴው አቶ አብዱልሃኪም በማግስቱ በዋስ ተለቀው አራት ኪሎ ልጃቸው ቤት ነበሩ። አልጋነሽ ታውቃቸዋለች። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አባቷ የገዛላት ከእሳቸው ሱቅ ነው፤ ያኔም «ታድጋለች፣ ሰፋ ያለ ይሁንላት» ብለው የመረጡላት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ይህኛው ምስክር እንደማያስቸግራት እርግጠኛ ሆና፣ ተስፋሁን ከኋላዋ እንዲከተል ነግራው ሄደች።

ጫማቸውን ደጃፍ አውልቀው ገቡ። ሽማግሌው ሊቀበሏቸው ብድግ አሉና መሃል ላይ ቆም ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ሲይዙዎት የሚቀርጽ ልጅ ነበር። አይተውታል?»

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ።»

«ሲመቱትስ?»

«ግርግር ነበር። አላየሁም።»

«ጣቢያ ከገቡ በኋላ የሰሙት ነገር የለም?»

«ጣቢያ ጣቢያ ነው። ምን ይሰማል?» አሉና ምንጣፉን ማየት ጀመሩ።

ልጃቸው ሻይ አቀረበች። አልጋነሽን የገረማት መልሳቸው አልነበረም። እኚህ ሰው ጠላት እንኳ ቤታቸው ቢገባ ሳይበላ የማይለቁ ናቸው፤ በልጅነቷ ሱቅ ስትላክ እንኳ ቆሎ ሳያስጨብጧት አይሸኟትም። ዛሬ ግን «ቅመሱ» አላሉም። ሻዩ ግማሽ ሳይደርስ ሂዱልኝ እንደማለት በሩን በሩን ማየት ጀመሩ። ሱቃቸውን ያጡ፣ በእርጅናቸው የተጎተቱ ሰው ፖሊስን ቢቀየሙ አይፈረድባቸውም ስትል ለራሷ ተናገረች። የፖሊስ ልብስ የለበሰችው ግን እሷ እንጂ ተስፋሁን አልነበረም። ይህን ያን ዕለት ልብ አላለችውም።

*

ካሜራው ሲሞን ጋ ተገኘ።

ሲሞን ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ፊት ለፊት መኪና ይጠብቃል። በጉብዝናው ስሙ የታወቀ ኪስ አውላቂ ነበር፤ ሁለቴ ታስሯል፤ ጸጉሩ መሸበት ሲጀምር ሳንባው ስለከዳው ሥራውን ተወ። ተስፋሁን ጥቆማ ደረሰኝ ብሎ ሲሄድ ካሜራው ሲሞን በሚጠለልበት የላስቲክ ዳስ ውስጥ ከከረጢት ሥር ተገኘ። ሚሞሪው የለበትም።

ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በአንድ እጁ አንቆ፣ ክር የሌለው ጫማውን እየጎተተ ወደ አልጋነሽ ቢሮ ገባ።

«እትዬ፣ ልቀመጥና ሱሪዬም ይረፍ» አለ።

«ካሜራው እንዴት አንተ ጋ መጣ?»

«እኔም ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።» ሳለ፤ ሳሉ ረዘመ። «ሌባ ነበርኩ፣ አልክድም። ግን የፒያሳ ሌባ ነበርኩ። እኔ ኪስ ገብቼ ስወጣ ሰውየው የሚያውቀው እቤቱ ደርሶ ነው። ሰው መፈንከትማ የፋራ ሥራ ነው።»

«ያን ቀን ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ኢክላስ ጋ። ሻይ ቤቷ ሊፈርስ ዕቃ ሳወጣላት ነው የመሸብኝ።»

«የት ትገኛለች?»

«ምስክሬ ፈርሳለች እትዬ!» ብሎ ሳቀ። «ከነቤቷ አነሷት። ኮንዶሚኒየም ገብታለች ይላሉ፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ። ቁጥሯ ግን የያዛችሁብኝ ስልክ ውስጥ አለ።»

በሩ አጠገብ የቆመው ተስፋሁን «እኔ አፈላልጋታለሁ» አለ።

ሲሞን ሊወጣ ሲል ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እትዬ፣ ስቄ ሳወራ ነገሩ የቀለለኝ አይምሰልዎት። ወህኒ ቤት ዳግመኛ ከገባሁ በእግሬ አልወጣም። ሐኪሙም ነግሮኛል። እባክዎን አጣርተው ይያዙት።»

«አጣራለሁ» አለችው። የማለችለት ያህል ነበር።

በማግስቱ ተስፋሁን ከሥራ ሰዓት በፊት ማኪያቶ ገዝቶላት መጣ። «ኢክላስን አገኘኋት» አለ። «ያን ቀን ሲሞንን አላየሁትም ነው የምትለው።»

ኮማንደር ኃይለማርያም ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «በቃ፣ አለቀ! ጋዜጠኛ በፖሊስ ተመታ ብለው ከተማውን ሊያተራምሱ ነበር። ዝጊውና ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ።»

*

ከመዝጋቷ በፊት ሆስፒታል ሄደች። ዕዝራ እንደተኛ ነው፤ ራሱ ተጠቅልሎ ፊቱ አብጦ የማን ልጅ እንደሆነ አይለይም። እናቱ ወይዘሮ ሽታዬ ኮሪደር ላይ ካለች አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አልተነሱም።

«ማን እንዲህ እንዳደረገው ሳላውቅ ከዚህ አልነሳም» አሉ። «ሌባ ነው ይሉኛል። ሌባ ሰውነቱን ሁሉ እንዲህ መደብደብ ምን ያደርግለታል? እውነቱን አምጪልኝ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ልብሱ የት ነው እናቴ?»

ከወንበራቸው ሥር ጥቁር ፌስታል ጎትተው አወጡ። በደም የደረቀ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ጫማው ጥሩ ቆዳ ነው፣ ገና አዲስ። አልጋነሽ አገላበጠችው። ክር የለውም። ሁለቱም የላቸውም። ሱሪውን አነሳች፤ ቀበቶ የለውም።

በአጠገባቸው የምታልፈውን ነርስ አስቆማ ጠየቀቻት። «እኛ ሸሚዙን ነው በመቀስ የቀደድነው» አለች ነርሷ። «ጫማው ሲመጣም እንዲህ ነው፤ ከእግሩ ላይ ወልቆ ሊወድቅ ነበር።»

«ክር አጥቶ አይደለም» አሉ እናቱ። «ያን ቀን ጠዋት ደጃፍ ላይ እግሩን ሰቅሎ ድርብ አድርጎ ሲያስር ‹ቁርስህን ሳትበላ› እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር።»

አልጋነሽ ጫማውን እንደያዘች ቆመች። አዲስ ቆዳ ጫማ ትቶ ክር የሚወስድ ሌባ አዲስ አበባ ገና አልወለደችም። ቀበቶና የጫማ ክር የሚሰበስብ አንድ ቤት ብቻ አለ። የታሰረ ሰው ራሱን እንዳያንቅበት ፖሊስ ማረፊያ ክፍል ከማስገባቱ በፊት ይፈታበታል። ቢቸኩልም ቢናደድም ይፈታዋል፤ ሳያስብ፣ ቤቱ ሲገባ በር እንደሚዘጋ ሰው። ትናንት ሲሞን ክር የሌለው ጫማውን እየጎተተ ፊቷ ሲቆም እንኳ አላስተዋለችውም ነበር፤ እሷም እስከዛሬ የስንቱን ፈትታለች።

ማንንም አልያዝንም ያለው ሪፖርት ውሸት ነው። ዕዝራ ጣቢያ ገብቶ ነበር።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ወይዘሮ ሽታዬ እሷን ማረጋጋት ጀመሩ።

*

ቢሮዋ ስትመለስ ተስፋሁንን ሳትጠራ በኤግዚቢት ከተያዘው የሲሞን ስልክ ውስጥ የኢክላስን ቁጥር አወጣች። ሴትየዋ ወዲያው አነሳች።

«ሲሞን? ኧረ ቆርቆሮዬን ሁሉ የነቀለልኝ እሱ ነው! ከምሳ በኋላ መጥቶ እስኪመሽ አልተለየኝም። ከነሳሉ ዕቃዬን አይሱዙው ላይ ጭኖልኝ ነው የሸኘኝ። ምን ሆነ?»

«ትናንት ለፖሊስ አላየሁትም ብለሻል።»

«እኔ? ማን ጠየቀኝና? ወላሂ የደወለልኝም የመጣብኝም ፖሊስ የለም።»

አልጋነሽ ስልኩን ዘጋች። ምናልባት ሌላ ኢክላስ አግኝቶ ይሆናል አለች። ምናልባት ሕፃኑ ሲያለቅስበት አድሮ ደክሞት፣ ሳይሄድ ሄድኩ ብሎ ይሆናል። ሰው የወደደውን ሲጠረጥር ሰበብ አያጣም። ቦርሳዋን አነሳችና መኪናም ሳትጠይቅ በታክሲ አራት ኪሎ ወጣች።

አቶ አብዱልሃኪም በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከትከሻዋ በላይ ደረጃውን ወደ ታች ተመለከቱ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

አስገቧት፣ በሩን ቆለፉ፣ ልጃቸውን ጠርተው በጉራጊኛ አንድ ነገር አሏት። ብዙ ሳይቆይ ትኩስ ቆጮና ክትፎ ቀረበ። «ቅመሽ» አሉ። «ያን ቀን በምን አንጀቴ አበላሻለሁ? ሰውየውን ይዘሽው ቤቴ ገባሽ።»

«ማንን ጋሼ?»

«ያን ከአንቺ ጋር የመጣውን። ደጄ ላይ ጫማውን ያወለቀውን።»

አልጋነሽ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

«ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ነበር፤ እዚያ አስቀምጠውኛል» አሉ ሽማግሌው። «ልጁን አመጡት። ያ ሰው የሲቪል ልብስ ለብሷል። ተንበርክኮ የልጁን የጫማ ክር ፈታ፣ ቀበቶውን ፈታ። በሥርዓት ነው የፈታው። ከዚያ ‹የቀረጽክበትን አውጣ› አለው። ልጁ ‹የእኔ አይደለም፣ የሕዝብ ነው› አለው። በጥፊ መታው። ልጁ ካሜራውን በሁለት እጁ አቀፈው። ሲታገሉ ገፈተረው። ከኋላው የሲሚንቶ ደረጃ ነበር። ሲወድቅ የወጣውን ድምፅ አልነግርሽም። ከዚያ እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ።»

«በፊርማዎ ይሰጡኛል?»

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ጋሼ፣ ያላጠፋ ሰው ታስሯል። ሊሞት ይችላል።»

«ላንቺ ነው የነገርኩሽ፤ ለመዝገብ አይደለም። እኔ ሱቅ አልባ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ይቀርብኛል? ልጆቼ ግን እዚህ ከተማ ነው የሚኖሩት። አታስጨንቂኝ አልጋነሽ። ብይ።»

በላች።

*

ተስፋሁንን ደውላ ጠራችው። ቴዎድሮስ አደባባይ መኪናውን ጥግ አስይዞ ጠበቃት። ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ይጮኻሉ።

«ለኢክላስ አልደወልክላትም።»

ሞተሩን አጠፋ።

«የዕዝራን ክር አንተ ነህ የፈታኸው።»

ቢክድ ይሻላት ነበር። ቢጮህባት፣ ማስረጃሽ የታል ቢላት ይቀላት ነበር። ልጁ ግን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

«ሚሞሪውን ብቻ ነው የፈለግሁት» አለ። «ሲቀርጽ የዋለውን አጥፉ የሚል ትእዛዝ ነበር። ስጠኝ አልኩት። ስጠኝ ብዬ ለመንኩት! ገፋ ሳደርገው… እኔ እኮ ሰው ገድዬ አላውቅም ኢንስፔክተር።»

«አልሞተም።»

«የሞተ መስሎን ነው የጣልነው።»

«ካሜራውንስ ሲሞን ጋ ማን አስቀመጠው?»

«እኔ።»

«ማን አዘዘህ?»

ቀና ብሎ አያት። የቀላው ዓይኑ ውስጥ ከፍርሃት ይልቅ ለእሷ ማዘን ነበር። «እኔን ለእርስዎ የሰጠዎት ማን ነው?» አለ።

አልጋነሽ ከመኪናው ወረደች። በሩን መዝጋቷን አታስታውስም።

*

ኮማንደር ኃይለማርያም አልተቆጣም። በሩን ዘግቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ምን አለሽ?» አለ ስትጨርስ። «የማይፈርም ሽማግሌ። ለሌባ የምትመሰክር ሻይ ሻጭ። የጫማ ክር። ተስፋሁንም መኪና ውስጥ ያለቀሰውን ነገ ቢሮ ውስጥ አይደግመውም።»

«ሜላት አለች።»

«ሜላት ስልኳን ዘግታ ክፍለ ሀገር ሄዳለች። እናቷ ናት የወሰደቻት።»

«እርስዎ ነዎት የላኩብኝ ኮማንደር።»

«ካሜራ አይታይ ያለው ከእኔ በላይ ያለ ሰው ነው፤ እኔም የሰማሁት ልጁ ከተጣለ በኋላ ነው። ከተሰበረ በኋላ ግን ስባሪውን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል።» ኮፍያውን አነሳ። «ስሚ። ልጁ ይነቃል እያሉ ነው። እሱ ራሱ ስም ጠርቶ፣ ወይም ጣቢያ ነበርኩ ብሎ ቃሉን ከሰጠ እኔ እፈርማለሁ። ተስፋሁንም ይጠየቃል፣ ሲሞንም ይፈታል። በልጆቼ እምልልሻለሁ።»

አመነችው። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አመነችው።

ዕዝራ ነቃ ሲሏት ስትሄድ፣ የተኛበት ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ፖሊስ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። «ለደህንነቱ ነው» አላት ሰላምታ ሰጥቶ። ከነቃበት ጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።

ልጁ ዓይኑን ገልጧል። ወይዘሮ ሽታዬ እጁን ይዘዋል፤ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ዕዝራ፣ አልጋነሽ እባላለሁ። የደረሰብህን አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ፤ ከአንተ የምፈልገው ቃልህን ብቻ ነው። ማን ነው የመታህ?»

ልጁ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው።

«ሌቦች» አለ።

«የጫማህን ክር ማን ፈታው?»

ዓይኑን ጨፈነ።

«አንድ ሰው ታስሯል» አለች አልጋነሽ፤ ድምጿ መሰበሩን ራሷም ሰማችው። «ካሜራህን እሱ ጋ አስቀመጡበት። ሲሞን ይባላል። ሕመምተኛ ነው። አንተ ዝም ካልክ የሚፈረድበት እሱ ነው።»

«አውቀዋለሁ» አለ ዕዝራ። ከጨፈነው ዓይኑ እንባ ወርዶ ፋሻው ውስጥ ገባ። «ጊዮርጊስ ፊት ለፊት መኪና ጠባቂው። የሜላትን መኪና ይጠብቅልን ነበር። ጥሩ ሰው ነው።»

«ታዲያ?»

«ሌቦች ናቸው። ጨለማ ነበር። አላየኋቸውም።»

ወይዘሮ ሽታዬ ከወንበራቸው ተነሱ። አልጋነሽን በክንዷ ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷት፤ እጃቸው ከሥራ ብዛት የሻከረ፣ ጠንካራ እጅ ነው።

«እውነቱን አምጪልኝ ብዬሽ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «አምጥተሻል። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ። አሁን ደግሞ መልሰሽ ውሰጂልኝ። ሌላ ልጅ የለኝም።»

«የዚያኛውስ ሰው እናት?»

ይህን በማለቷ ወዲያው ተጸጸተች። ሴትየዋ ግን አልተቆጡም። «እኔም እሱን ነው ሌሊቱን ሙሉ የማስበው» አሉ። «ቢሆንም ውሰጂልኝ።»

*

ክሱን አልፈርምም አለች። ኮማንደሩ መዝገቡን ከፊቷ አንስቶ ለሌላ መርማሪ ሰጠው። ምሳ ሳይደርስ ተፈረመ። እንቢ ማለቷ ነገሩን የምሳ ሰዓት ያህል እንኳ አላዘገየውም።

ከሰዓት በኋላ ሲሞን ጋ ወረደች። ማንም አላዘዛትም። የምሥራች ይዛለት እንድትመጣ ሲጠብቅ እንደነበር ከአነሳሱ አወቀች።

«ነቃ አሉ» አለ። «እዚህ ቤት ወሬ ከሬዲዮ ይቀድማል። ተናገረ?»

«ተናገረ።»

«ምን አለ?»

መሬት መሬት እያየች «ሌቦች ናቸው አለ» አለችው።

የሆነ ቀልድ ይናገራል ብላ ጠበቀች፤ ፒያሳ ያሳደገው ሰው ለዚህም ቃል አያጣም። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ሳሉ እስኪያልፍለት ድረስ ሳለ።

«እንኳን ተረፈ» አለ በመጨረሻ። «የእናቱ አንድ ነው አሉ።»

«እኔ አልፈረምኩም ሲሞን።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።» ከልቡ ነው ያለው። «ሌላ ሰው ፈረመ?»

«ፈረመ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳል ባደከመው ድምፅ፣ የታክሲ ተራ እንደሚጠይቅ መንገደኛ፣ «ስንት ዓመት ያስፈርዳል?» አላት።

አልጋነሽ አንቀጹን በቃሏ ታውቀዋለች። ነገረችው።